ሰልፋ ለምን ፈንጣጣን አላዳነም?



በገበያ ቀን ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ብትወጡ፣ ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አዛውንት ዛሬም ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። እነርሱ ልጆች በነበሩበት ዘመን ሰልፋ የሚባል ብርቱ መድኃኒት በዓለም ላይ ነበረ። ታዲያ ለምን አላዳናቸውም? ንግግሬ ስለዚህ ነው፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1935 ጀርመናዊው ሐኪም ጌርሃርድ ዶማክ፣ ፕሮንቶሲል የተባለ ቀይ ቀለም በባክቴሪያ የታመሙ አይጦችን እንደሚያድን አሳተመ። በዚያው ዓመት በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ የማዳን ኃይሉ የቀለሙ ሳይሆን በውስጡ ያለው የሰልፋኒላሚድ መሆኑን አስረዱ። ሰልፋ የሳንባ ምችን ሲፈውስ ያዩ ሐኪሞችም በፈንጣጣ ላይ ሞከሩት። የአንዳንዱ ሕመምተኛ መግል ሲቀንስ አይተው ተስፋ አደረጉ።

ነገር ግን ሰልፋ የሚሠራው ባክቴሪያ ፎሊክ አሲድ እንዳያዘጋጅ በመከልከል ነው። ፈንጣጣ ደግሞ ቫይረስ ነው፤ ፎሊክ አሲድ አያዘጋጅም፤ ስለዚህ ሰልፋ የሚከለክለው ነገር የለውም። መድኃኒቱ የነካው በቁስሉ በኩል የገባውን ባክቴሪያ ብቻ ነበር። ይህ ጅቡን ትቶ፣ ተከትሎት የመጣውን ቀበሮ እንደማባረር ነው።

ልፋቱ ግን ፈጽሞ ከንቱ አልቀረም። ዶማክና ባልደረቦቹ ከሰልፋ ምርምር ተነሥተው ታዮሴሚካርባዞን የተባሉ ውሕዶችን ለሳንባ ነቀርሳ አዘጋጁ። ከዚሁ ወገን የሆነው ሜቲሳዞን በ1963 በሕንድ አገር በማድራስ፣ ከፈንጣጣ በሽተኛ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ተሰጥቶ የመከላከል ተስፋ አሳየ። የታመመውን ግን አልፈወሰም።

በአገራችን ፈንጣጣን ያጠፋው ክትባት ነው። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ በሽተኛውን ፈለጉ፤ በዙሪያው ያለውንም ሰው ከተቡ። በነሐሴ 1976 በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ወገኖቼ፣ ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም ጉንፋን ሲይዘን ሐኪም ሳናማክር፣ ራሱ የሰልፋ ወገን ያለበትን ኮትሪሞክሳዞልን ገዝተን እንውጣለን። ጉንፋንም ቫይረስ ነው። እኛን ሳይፈውሰን በሰውነታችን ያለውን ባክቴሪያ ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል፤ ልጃችን በእውነት በሳንባ ምች የታመመ ዕለት መድኃኒቱ እምቢ ይላል። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ኪኒን ከመግዛት በፊት የበሽታውን ምንነት መጠየቅ እንደሚገባ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን እናስረዳ።