ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው? የሞዴል ባቡር ሽቦዎች እንደ ማስተማሪያ



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። የሞዴል ባቡር በብዙዎቻችን ዘንድ የልጅ መጫወቻ ነውና። ይሁን እንጂ በአሜሪካ፣ በኤም አይ ቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የሞዴል ባቡር ክበብ በኮምፒውተር ታሪክ ስሙ የሚነሣው ጠረጴዛው ላይ ይሽከረከሩ በነበሩት ባቡሮች ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር በነበሩት ሽቦዎችና ሪሌዎች ምክንያት ነው። እኔም ዛሬ የምናገረው ስለ ጠረጴዛው ሥር ነው።

ከፊታችሁ የምታዩት ሞዴል ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚሠራው ዲሲሲ በተባለው ዲጂታል ሥርዓት ነው፤ መነሻው በጀርመን የሌንዝ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ ደረጃ አድርጎ ያጸደቀው የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ነው። በቀድሞው አሠራር ባቡሩ ሲቆም በሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅም አብሮ ይወርድ ነበር። በዲሲሲ ግን ባቡሩ ቆመም ሄደም ሐዲዱ ዘወትር ወደ 15 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ትእዛዙም ኃይሉም በዚያው ሐዲድ ይሄዳል። ኃይል ሰጪው መሣሪያ፣ ቡስተር የሚባለው፣ በዚህ መጠን ላለ ሞዴል ብዙውን ጊዜ እስከ 5 አምፔር ይሰጣል። 15 በ5 ሲባዛ 75 ዋት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

15 ቮልት ሰው አይገድልም፤ ደረቅ እጃችሁን ሐዲዱ ላይ ብታሳርፉ የሚሰማችሁ ነገር የለም። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አንድ ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ የብረት ጎማው ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛል፤ በመማሪያ መጻሕፍት አጭር ዑደት፣ በመንደር ቋንቋ ደግሞ «ኮንታክት አደረገ» የምንለው። በቤታችን ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደርስ ነው። በሞዴል ባቡር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጥበቃው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሳይሆን የየዕለት ሥራ ያለው አካል ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ተማሪዎቼን «5 አምፔር ብሬከር አለን፣ አጭር ዑደት ቢፈጠር ምን ይሆናል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ይዘጋል» ይላሉ። ብሬከሩ ግን አጭር ዑደትን አያውቅም። የሚያውቀው አምፔርን ብቻ ነው። ከቡስተሩ ተነሥቶ በሽቦው፣ በሐዲዱ፣ በላሉ የሐዲድ ማያያዣዎች፣ በወጣው ጎማ በኩል ዞሮ እስኪመለስ ያለው ጠቅላላ ሬዚስታንስ 4 ኦም ቢሆን፣ 15 ለ4 ሲካፈል 3.75 አምፔር ነው። ብሬከሩ ይህን የሚያየው እንደ ሦስት አራት ባቡሮች መደበኛ ጭነት ነው፤ ዝም ይላል። ከአራቱ ኦም ሁለቱ ጎማው ሐዲዱን በሚነካበት ጠባብ ነጥብ ላይ ቢሆኑ፣ በዚያ ነጥብ 28 ዋት ይነድዳል። በላቦራቶሪያችን ሽቦ የምንበይድበት ተራ የእጅ መበየጃ ወደ 30 ዋት ነው! የጋለ መበየጃ በፕላስቲክ ፉርጎ ሥር አስቀምጦ ለምሳ እንደ መውጣት ማለት ነው።

«የግድግዳው ብሬከርስ?» የሚል ይኖራል። 75 ዋቱ በሙሉ ቢባክን እንኳ ከ220 ቮልቱ መስመር የሚሳበው ከግማሽ አምፔር አይበልጥም። 16 አምፔር የሚጠብቀው የቤት ብሬከር ከአንድ መብራት ለይቶ አያየውም።

ፊውዝን በተመለከተ ደግሞ ሰፊ አለመግባባት አለ። 5 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት ፊውዝ 5.1 አምፔር ሲደርስ የሚቃጠል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በአይኢሲ 60127 ደረጃ መሠረት ፈጣኑ የመስታወት ፊውዝ የተጻፈበትን አንድ ተኩል እጥፍ ቢያንስ ለ1 ሰዓት መሸከም አለበት፤ በ2.1 እጥፍ እንኳ እስከ 30 ደቂቃ ሊቆይ ይፈቀድለታል። ከ5 አምፔር በላይ መስጠት በማይችል ቡስተር ላይ 5 አምፔር ፊውዝ መግጠም ስለዚህ ጌጥ ነው። 3 አምፔር ቢሆንም ማስተማመኛ የለውም፤ 5 ለ3 ሲካፈል 1.67 ነውና። ፊውዝ የሚያገለግለው ከኋላው ብዙ መስጠት የሚችል ምንጭ ሲኖር፣ ለምሳሌ ባትሪ ወይም ትልቅ ትራንስፎርመር ሲኖር ነው። የሚመረጠውም በባቡሩ ልክ ሳይሆን በሽቦው ልክ ነው፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና። በየሰፈራችን የተቃጠለውን የሸክላ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው የሚዘነጋው ይህንኑ ነው፤ ያን ጊዜ ፊውዝ የሚሆነው በግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው።

ቀደምት ባለሞዴሎች አንድ ብልሃት ነበራቸው፤ እኔም እወደዋለሁ። የመኪና የኋላ መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት የሆነውን፣ ከሐዲዱ መስመር ጋር በተከታታይ ያስገቡታል። አምፖሉ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ነው፤ ሲግል ወደ 7 ኦም ይጠጋል። አጭር ዑደት ሲፈጠር አምፖሉ ይበራል፣ ፍሰቱ ወደ 2 አምፔር ይወርዳል፣ ጥፋቱ የት ክፍል እንዳለም ከሩቅ ይታያል። ጉድለቱ ፍሰቱን ይገድባል እንጂ አያቋርጥም፤ 2 አምፔሩ ጥፋቱ እስኪነሣ ድረስ መፍሰሱን ይቀጥላል።

ዛሬ የተሻለው መንገድ ሞዴሉን በክፍል በክፍል ከፍሎ ለእያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክ ብሬከር መስጠት ነው። የክፍሉ ብሬከር ከቡስተሩ ቀድሞ፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች፣ መቁረጥ አለበት፤ አለበለዚያ በአንዱ ጥግ የወጣ ፉርጎ ሞዴሉን በሙሉ ያቆማል። ፍጥነቱ ግን ራሱ ጣጣ አለው። ድምፅ የሚያሰሙ ሎኮሞቲቮች ካፓሲተር አላቸው፤ ኃይል ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። ብሬከሩ ይህን ጥፋት ነው ብሎ ይቆርጣል፤ እንደገና ይሞክራል፤ እንደገና ይቆርጣል። የመቁረጫው መዘግየት ለካፓሲተሮቹ መሙያ የሚበቃ፣ ለጎማው መቅለጫ የማይበቃ መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ የመሐንዲሱ ሥራም እዚያ ላይ ነው።

ይህ የመጫወቻ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚሠራው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት ነው። በእንዲህ ያለ መስመር ከማቆሚያ የሚነሣ ባቡር የሚስበው ፍሰት፣ ከኃይል ጣቢያው ርቆ ከተፈጠረ አጭር ዑደት ፍሰት ሊበልጥ ይችላል። መጠኑን ብቻ የሚያይ ብሬከር ተሳፋሪ የጫነውን ባቡር አቁሞ ጥፋቱን ያሳልፋል። ስለዚህ በቀጥተኛ ፍሰት የባቡር መስመሮች ጥበቃ የፍሰቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚያድግበት ፍጥነትም ይለካል፤ ጥፋት በድንገት ይነሣል፣ ባቡር ቀስ እያለ ይስባል።

ለእኛ ጠረጴዛ መፍትሔው ከዚያ ይቀልላል፤ የሽቦውን ሬዚስታንስ መቀነስ ነው። 10 ሜትር ርቆ የሚሄድ ባለ 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልሱ 0.7 ኦም ያህል አለው፤ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሲሆን 0.14 ይሆናል። ከዋናው ሽቦ ወደ እያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ አጭር መጋቢ ሽቦ ይበየዳል፤ ማያያዣዎቹ ሐዲዱን ቀጥ አድርገው ይያዙ እንጂ ኃይል ማስተላለፍ የእነርሱ ድርሻ አይሁን። ሽቦው ሳይስተካከል ብሬከሩን ለመቀየር የሚሮጥ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

ከዚያ በኋላ ፈተናው ቀላል ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ወስዳችሁ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድሙ፤ ከቡስተሩ አጠገብ ሳይሆን ከሁሉ በራቀው ጫፍ፣ ቀጥሎም በየክፍሉ። ወዲያው ካልቆረጠ ሳንቲሙን በእንጨት ገፍታችሁ አንሡት፤ በጣት አትንኩት፣ ይፋጃል። ያንን ክፍል ምልክት አድርጋችሁ ሽቦውን ከመነሻው መርምሩ። ይህ ሞዴል ስድስት ክፍሎች አሉት። አራቱን ትናንት ፈትነናል፤ ሁለቱን ለእናንተ ትተናል፤ ሳንቲም የያዘ ወደ ፊት ይምጣ።