አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከሜዳ እስከ ጠረጴዛ



ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ አሠልጣኝ ይሆናል ማለት አይቻልም። ግብ ማግባት አንድ ሙያ ነው፤ ዐሥራ አንድ ሰዎችን አስማምቶ ማሰለፍ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አጣምረው ከያዙት ጥቂቶች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስለ ነበሩ፥ ዛሬ ስለ እሳቸው ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስመ ጥር የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በእግራቸው ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ተሰልፈው፥ በ365 ግጥሚያዎች 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል። ከጨዋታው ጎን ለጎን በእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጸሐፊነት አገለገሉ፤ የጨዋታውንም ደንብ ወደ አማርኛ መለሱ። በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ሁሉ እንደምታውቁት፥ ደንብ ለሚተረጕም ሰው የሚያጨበጭብ የለም።

አሁን ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን። በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የኢትዮጵያ ቡድን ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፥ ማለት ከግብፅ ጋራ ተሰልፏል። ግብፆች ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰዱ ናቸው፤ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም፥ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ እኛን ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፈው ሸኝተውናል። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ይህን ሁሉ ያውቃሉ።

በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብፅ አገባ። ከዕረፍት በኋላ በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ በደዊ ደገመ። እንግዲህ አሠልጣኝ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? እንደ ቀድሞው ራሱ ገብቶ አይመታ! ያስተማራቸውን ልጆች ታምኖ ከሜዳው ዳር መቀመጥ ነው፤ ለቀድሞ ግብ አግቢ ከዚህ የከበደ ቅጣት ያለ አይመስለኝም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ብዙ ሰው የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆማል። በእኔ አስተያየት ግን የሚበልጠው ሥራቸው በጠረጴዛ ዙሪያ የሠሩት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ያን ጊዜ ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ እንጂ ቀላቅዬ አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ተወገደች፤ የእኛ ቡድንም ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላም ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ በተነፈገች ጊዜ፥ አፍሪካውያን ሁሉ ከውድድሩ እንዲቀሩ ከጋናው ከኦሄኔ ጃን ጋራ ሆነው ተሟገቱ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ቦታው ተሰጠ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም በዚሁ ሹመት ቆዩ። በካርቱም የተጀመረው ሙግት በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ እስከ ማስወጣት ደረሰ። ያቺ አገር የዘር መለያየትን መተው ከጀመረች በኋላ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር አንድ ላይ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ በጆሃንስበርግ ወሰደች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልታደሉም።