ከልብ ሕመም በኋላ የባይፓስ ቀዶ ሕክምና መቼ ይደረግ?



በተለምዶ ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰ በኋላ፣ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ባይፓስ ካስፈለገው ዛሬውኑ ለምን አይሠራለትም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተዘጋ ቧንቧ በፍጥነት መከፈት እንዳለበት ስናስተምር የኖርነው እኛው ነንና።

ይሁን እንጂ ቧንቧን በካቴተር መክፈትና ደረትን ከፍቶ ለደም አዲስ መተላለፊያ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በክሊቭላንድ ከእግር በተወሰደ የደም ሥር መንገዱን ካሳየ ወዲህ ጥበቡ እጅግ ቢሻሻልም፣ የተጎዳ የልብ ጡንቻ ጠባይ አልተለወጠም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻው ያብጣል፤ በሕይወት ያለው ክፍል እንኳ በቅጡ አይኮማተርም። በዚህ ላይ ልብን ማቆምና ደምን በማሽን ማዘዋወር ሌላ ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ጉዳቱ የጡንቻውን ሙሉ ውፍረት ያካለለ ከሆነና ታማሚው ከተረጋጋ፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ቀን ያህል መጠበቅን ይመርጣሉ። ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን የመጠበቁ ጥቅም ይቀንሳል፤ መዘግየትም ሁለተኛ ሕመም ሊጋብዝ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ክሎፒዶግሬልና ፕራሱግሬል የደም አርጊ ሕዋሳትን ዕድሜ ልካቸውን ከሥራ ውጭ ስለሚያደርጉ፣ መቅኒ አዳዲሶችን እስኪያመርት መታገሥ ግድ ነው፤ ለመጀመሪያው 5፣ ለሁለተኛው 7 ቀናት ያህል። ለቲካግሬሎር ቢያንስ 3 ቀን ይጠበቃል። አስፕሪን ግን በአብዛኛው አይቋረጥም። ለባይፓስ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ታማሚ መጨረሻ የወሰደበትን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይዞ ቢሄድ፣ ከወፍራም የምርመራ ፋይል ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ግን፣ በተለይ ስቴንት ለገባለት ሰው፣ አደገኛ ነው።

ቀጠሮ የማይሰጥበትም ሁኔታ አለ። ልብ ደም መርጨት አቅቶት የደም ግፊት ሲወድቅ፣ ወይም በካቴተር ሊከፈት የማይችል ዋና ቧንቧ እየዘጋ ሕመሙ ሲቀጥል፣ መጠበቅ ራሱ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ሾክ የተባለው ጥናት እንዲህ ያሉ 302 ታማሚዎችን መርምሮ ነበር። በካቴተር ወይም በባይፓስ የደም ፍሰታቸው በአስቸኳይ እንዲመለስ ከተመደቡት መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 50.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በቅድሚያ በመድኃኒት እንዲረጋጉ ከተመደቡት ደግሞ 63.1 በመቶ ነበሩ። የተሻለው ውጤት እንኳ ግማሹን አላዳነም። ለቤተሰብ ይህንን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።