ጭሰኛ ማን ነበር?

የዛሬው ርዕሳችን ጭሰኛ ነው።

በፊውዳሉ ሥርዓት ሰው የሚለየው በመሬት ነበር። ከላይ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ። ከሥራቸው መኳንንቱ፣ ከዚያም ባለርስቱና ባላባቱ። ከሁሉም በታች ደግሞ ጭሰኛ፤ የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ።

እስቲ ድፎ ዳቦ እናስብ። እናት ዱቄቱን አቡክታ፣ እንጨቱን ለቅማ፣ ጭሱን ችላ ጋገረች። ዳቦው ሲወጣ ግን የምጣዱ ባለቤት መጣና ግማሹን ቆርሶ ወሰደ። ልጆቿ የሚበሉት ከተረፈው ነው። ጭሰኛም እንዲሁ ነበር።

አውድማ ላይ ገብሱ ተወቅቶ ሲከመር፣ መጀመሪያ አሥራት ይነሳል። ቀጥሎ የባለርስቱ ድርሻ ይሰፈራል፤ እንደ ውሉ ሲሶ ወይም እኩሌታ። በዚህም አያበቃም። ጭሰኛው የጌታውን አጥር ያጥራል፤ ለበዓል ማር ወይም በግ ይዞ ይሄዳል። ውሉ ደግሞ በአብዛኛው የቃል ነው። ስለዚህ ውጣ ከተባለ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

አርሲ ውስጥ ነገሩ በጣም መረረ። ምኒልክ አካባቢውን በ1879 ገደማ ከያዙ በኋላ ሰፊ መሬት ለጦር ሰዎችና ለሹማምንት ተሰጠ። አባቱ ከብት ባሰማራበት ሜዳ ልጁ ጭሰኛ ሆነ። በ1960ዎቹ ደግሞ ትራክተር መጣ። በጭላሎ አውራጃ ስንዴ አዋጣ፤ ባለርስቱም «ራሴ አርሳለሁ» እያለ ብዙ ጭሰኛ አፈናቀለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ጭሰኛው ከአውድማ ለባለርስቱ የሚሰፍረው እህልም በሕግ ቀረ።