አደራ የሚደርሰው ከቤት ሲታሸግ ነው
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

ዛሬ የመናገር ተራው የእኔ ስለሆነ፣ ባዶ ካርቶን፣ ፕላስተርና አንድ ጀበና ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ዕቃ አስተሻሸግ ነው የምነግራችሁ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ሥራ ለመመዝገብ ዋናውን የትምህርት ማስረጃዋን ላኪልኝ አለችኝ። እኔም ካርቶን ከላክሁ አይቀር ብዬ ቅቤና በርበሬ ጨመርሁበት። ቅቤውን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ ክዳኑን ጫን ጫን አደረግሁት። ማስረጃውን በፖስታ ከትቼ ከላይ አኖርሁት። ካርቶኑ ሲደርስ ቅቤው ቀልጦ፣ በርበሬውን ይዞ፣ ማስረጃው ላይ ፈሶ ነበር። ማኅተሙ አይነበብም። ሌላ እስኪወጣላት ድረስ የምዝገባው ቀን አለፈ። እህቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ለእኔ ግን ከወቀሳው ዝምታዋ ባሰ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሳላስብ ነበር ያሸግሁት። ከመርሳ የተነሣ ካርቶን በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ እዚያ ቅቤ ይቀልጣል። ከዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። ከፍ ሲባል የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ በዕቃው ውስጥ የታፈነው አየር ተነፍቶ ክዳኑን ይገፋዋል። በዚህ ላይ መወርወሩና ሌላ ጭነት ከላዩ መከመሩ አለ።

ስለዚህ የተማርሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወረቀትና ምግብ በአንድ ካርቶን አይሂዱ። ማስረጃ ከመላኩ በፊት ፎቶ ኮፒ ይነሣ፤ ዋናው በላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው በአደራ ደብዳቤ ይላክ። አደራ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተቀባዩም ፈርሞ ይወስደዋል። ደረሰኙን አትጣሉት።

ሁለተኛ፣ ቅቤ ነጥሮ ይቀዝቅዝ፤ ማርም ሆነ ቅቤ የሚሞላው በጥምዝ ክዳን ዕቃ ነው። እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን በፕላስተር ዙሩት፣ ከዚያ በሁለት ፌስታል ለየብቻ ቋጥሩት። አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይይዘዋል።

ሦስተኛ፣ በርበሬና ሽሮ በደንብ ደርቀው ይቀዝቅዙ። በሙቀቱ ከታሸጉ ወዝተው ይሻግታሉ። አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡና እሰሩ።

አራተኛ፣ ካርቶኑ ደረቅና ጠንካራ ይሁን። ውኃ የነካው ካርቶን ቢደርቅም ጉልበት የለውም። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ይህን ጀበና እዩት፤ ውስጡን በጨርቅ ሞላሁት፣ አንገቱንና ጆሮውን ለየብቻ ጠቀለልሁት። በዙሪያው በሁሉም በኩል አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ይኑር። ከዚያ ነቅንቁት። ድምፅ ካሰማ ገና አልታሸገም ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ፕላስተሩ መሐል ለመሐል ብቻ አይበቃም፤ የሁለቱንም ጫፍ ክፍተት ይድፈን። ከታችም እንዲሁ። የድሮ ጽሑፍ ካለበት ይጥፋ። የተቀባይ ስም፣ ስልክና የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ የላኪም ስምና ስልክ በጉልህ ተጽፎ በላዩ ፕላስተር ይለጠፍበት። ያንኑ ጽፋችሁ አንድ ወረቀት ውስጥም ጨምሩ፤ የውጭው ቢቀደድ የውስጡ ይናገራል።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ላሉባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው ተከፍቶ ሊታይ ስለሚችል ከቤት ጨርሳችሁ አትደፍኑት፤ ፕላስተሩን ይዛችሁ ሂዱ። በውስጡ ያለውን ሁሉ ከነክብደቱና ከነዋጋው በሐቅ አስመዝግቡ። ከመግዛታችሁ በፊት የሚላክበት አገር የሚከለክለውን ጠይቁ። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር በፖስታ አያስገቡም፤ ቋንጣችሁና ቅቤያችሁ እዚያ ደርሶ ይጣላል። ጭድ ለአገር ውስጥ ጥሩ መደገፊያ ነው፤ ለውጭ ግን አታድርጉት፣ ተባይ ያስገባል ተብሎ ዕቃውን ሊያስመልስ ይችላል። ገንዘብ፣ ክብሪትና ሽቶ በካርቶን አይላኩም።

አገራችን ፖስታ ያቋቋመችው በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜም ዛሬም አድራሹ የሚያደርሰው እኛ እንዳሸግነው ነው።

ከእኛም መካከል በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታችሁ ለአዲስ አበባ ደንበኛ የምትልኩ አላችሁ። አንድ ካርቶን ከፈሰሰ የሚጠፋው ቅቤው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛውም ይጠፋል፣ ከቁጠባችን የተበደርነውም ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፕላስተርና ጥምዝ ክዳን ዕቃ በጋራ በጅምላ እንግዛ፤ የምትልክም ሴት ከመላኳ በፊት አንዷ ጓደኛዋ ካርቶኑን ትነቅንቅላት።

አሁን ይህን ጀበና አሽጌ ከወንበር ላይ ልጥለው ነው። ከተሰበረ ምክሬን ተዉት። ካልተሰበረ ቡና አፍሉበት።