ከብዙ ብዕር ሦስት ብዕር
(በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ አርእስት ብዕር ነው። ስለ ብዕር ይነገራል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው ስለ ደራሲነትና ስለ ሥነ ጽሑፍ እንዲነገር ነው። እኔ ግን የምናገረው በእጅ ስለሚያዘው፤ ቀለም ስለሚሞላው፤ በደረት ኪስ ስለሚሰካው ስለ ዕቃው ስለ ራሱ ነው። ይኸውም አሥራ ዘጠኝ ብዕሮች አጠራቅሜ ስለ ነበር፤ እነዚህን ወደ ሦስት እንዴት እንዳወረድኋቸውና ከዚህ ሥራ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ጥቃቅን መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ከብዙ መካከል ጥቂቱን መምረጥ በመጽሐፍም፤ በትምህርትም፤ በሥራም የማይቀርልን ጉዳይ ስለ ሆነ፤ በትንሽ ነገር ላይ መለማመዱ የሚጎዳ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ብዕር የምንለው ቃል የመጣው በግእዝ ብርዕ ከሚለው ሲሆን፤ ትርጓሜውም መቃ ወይም አገዳ ማለት ነው። የአገራችን ጸሐፊዎች መቃውን ቆርጠው፤ ጫፉን ቀርጸውና ሰንጥቀው፤ ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ዕፀዋት በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም በብራና ላይ ይጽፉበት ነበር፤ ዛሬም የሚጽፉበት አሉ። የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነው። ቀለሙም በቀንድ ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ለጥቁሩና ለቀዩ የሚሆኑ ጥቂት መቃዎች ካሉት ትልቅ መጽሐፍ ይፈጽማል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስንመጣ በምናልፈው በዝዋይ ሐይቅ፤ በቱሉ ጉዶ ደሴት በሚገኘው በደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። በትግራይ የሚገኙትም የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። እነዚህን የጻፉት ሰዎች ሣጥን ሙሉ ብዕር አልነበራቸውም።

አሁን በኪሳችን የምንይዘው፤ ቀለሙን በሆዱ የሚሸከመው ብዕር የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ሉዊስ ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ በኒውዮርክ የፈጠራ መብት ያገኘበት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1884 ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ስሙ የገነነው ጆርጅ ፓርከር የቴሌግራፍ መምህር ነበር። ለተማሪዎቹ ብዕር ይሸጥ ነበር፤ ብዕሮቹም ሲበላሹ ራሱ ይጠግንላቸው ነበር። ከዚያ ጥገና ልምድ አግኝቶ በ1888 ኩባንያውን አቋቋመ። መምህራኖቻችን በዚህ ነገር ደስ ሊላችሁ ይገባል።

የብዕሩም አሠራር ቀላል ነው። ከጫፉ ሥር ቀጭን ቦይ የተቀረጸበት ክፍል አለ። ቀለሙ በዚህ ቦይ በኩል በቀስታ ወደ ጫፉ ይወርዳል፤ የወረደውንም ያህል አየር ወደ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ይተካል። አየሩ በደንብ ካልገባ ቀለሙ ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ከገባ ደግሞ ይንጠባጠባል። የጥሩ ብዕር ምስጢሩ ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው። የቀድሞ ብዕሮች ጫፍ ከወርቅ የሚሠራውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የዱሮው ቀለም አሲድነት ስለ ነበረው ብረቱን ይበላው ስለ ነበር ነው እንጂ። ወርቁ ለስላሳ ስለ ሆነም ወረቀቱን በሚነካው ቦታ ላይ እንደ ኢሪዲየም ያለ ጠንካራ ማዕድን ይበየድበታል።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ከአሥራ ዘጠኙ ብዕሮች ሰባቱ የአያቴ ነበሩ። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ስምንቱን ከመርካቶና ከሐዋሳ ገበያ ገዛኋቸው። አራቱ ከልዩ ልዩ ሰዎች በስጦታ የመጡ ናቸው። በሣጥን ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ያምሩ ነበር። ነገር ግን ደብተሬን ከፍቼ ለመጻፍ በፈለግሁ ጊዜ ሁሉ አንዱ ደርቆ፤ አንዱ ቀለም ጨርሶ፤ አንዱ ተዘግቶ ይገኝ ነበር። ብዕር እንደ በቅሎ ነው፤ ካልሠራ ይበላሻል። ቀለም ተሞልቶ ለወራት ከተቀመጠ ውሃው ይተንና ዝቃጩ ቦዩን ይዘጋዋል። አሥራ ዘጠኝ ብዕር ማጠብና መሙላት ደግሞ ሌላ የትምህርት ዓይነት መጨመር ነው። አባቶች «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ አራት ፈተና አዘጋጀሁ።

አንደኛው ፈተና፤ ይጽፋል ወይስ አይጽፍም? የሚል ነው። ስድስቱ በዚህ ወደቁ። ሦስቱ ከአያቴ ብዕሮች ነበሩ። በውስጣቸው ያለው የጎማ ከረጢት በእርጅና ደርቆ እንደ ቅርፊት ተሰባብሮ ነበር። የቀሩት ሦስቱ እኔ በርካሽ የገዛኋቸው ናቸው። አሥራ ሦስት ቀሩ።

ሁለተኛው ፈተና የፊደላችን ፈተና ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ስለ ብዕር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው የታሰበው ለላቲን ፊደል ነው። ፈረንጅ ሲጽፍ ፊደሎቹን እየቀጠለ አንድ ቃል እስኪያልቅ ድረስ ብዕሩን ከወረቀት አያነሣም። እኛ ግን እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ስለምንጽፍ በየፊደሉ ብዕራችንን እናነሣለን፤ በአንድ ፊደል ውስጥም ደጋግመን የምናነሣበት አለ። ስለዚህ ሲነኩት ወዲያው የማይጽፍ ብዕር ፈረንጁን በቃል አንድ ጊዜ ቢያስቸግረው እኛን በየፊደሉ ያስቸግረናል። የመጀመሪያው ጭረት ሲቀር ደግሞ ንባቡ ይለወጣል። የሁ ቅጥያ ካልታየ ሁ ሀ ሆኖ ይነበባል።

ከዚህም ሌላ የቀለበቶቻችን ነገር አለ። ሬ፤ ሼ፤ ዬ፤ ጬ በምንጽፍበት ጊዜ ትንሽ ቀለበት እናደርጋለን። የብዕሩ ጫፍ ወፍራም፤ የደብተሩ ወረቀት ስስ ከሆነ ቀለሙ ይሰፋና ቀለበቱ ይደፈናል። ቀለበቱ ሲደፈን አንባቢው ፊደሉን በግምት ነው የሚያነበው። የፈተና ወረቀት የሚያርሙ መምህራን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እንግዲህ በአሥራ ሦስቱም ብዕሮች ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፤ ማለት 231 ፊደላትን፤ በተራ ደብተር ላይ ጻፍሁ። ሦስቱ ብዕሮች ቀለበቱን ደፈኑ። ሁለቱ የመጀመሪያውን ጭረት ዘለሉ። ስምንት ቀሩ።

ሦስተኛው ፈተና የመንገድ ፈተና ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። ወደ ላይ ስንወጣ የአየሩ ግፊት ከመቶ 8 ያህል ስለሚቀንስ በብዕሩ ውስጥ የታሰረው አየር ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግማሹ ባዶ የሆነ ብዕር አንድ ጠብታ ያህል ቢተፋ አያስደንቅም፤ አንድ ጠብታ ግን ለነጭ ሸሚዝ ይበቃል። መድኃኒቱ ብዕሩን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወይም ፈጽሞ አራግፎ፤ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ መያዝ ነው። አየሩ ከላይ ሲሆን ያለ ቀለም ይወጣል። ስምንቱንም በዚህ መንገድ ይዤ አዲስ አበባ ደርሼ ተመለስሁ። ሦስቱ በዚህም ጥንቃቄ ክዳናቸውን ሞልተው ተገኙ። አምስት ቀሩ።

አራተኛው ፈተና የሰዓት ፈተና ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ትምህርት እየተከተልሁ ስጽፍ ጣቴ ይደክማል ወይስ አይደክምም? ሲበላሽስ እዚሁ ሐዋሳ ላይ በእጄ ልጠግነው እችላለሁ? በዚህ ሁለቱ ቀርተው ሦስት ብቻ ጸኑ።

የመጀመሪያው ሄሮ የተባለው የቻይና ብዕር ነው። ኩባንያው በ1931 በሻንጋይ የተመሠረተ ነው። ይህ ብዕር ጫፉ ቀጭን ስለ ሆነ ቀለበት አይደፍንም፤ በስስ ወረቀትም ላይ ወደ ጀርባው አያልፍም። ዋጋው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ቢጠፋም እንቅልፍ አይነሣም። የዘወትር የትምህርት ጓደኛዬ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ላሚ ሳፋሪ የተባለው የጀርመን ብዕር ነው። በ1980 ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ጫፉን ያለ ባለሙያ በጣት ስቦ መለወጥ ይቻላል። እኔ ያደረግሁለት 1.1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጫፍ ነው። ይህ ጫፍ ወደ ታች ሲሄድ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። መቃው በብራና ላይ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ደቃቅ ጽሕፈት አይሆንለትም፤ በትልቁ ለሚጻፍ አርእስትና ለማስታወቂያ ግን ፊደላችን በዚህ ብዕር መልኩ ይወጣል። በፊደሉ ፈተና ጊዜም በቀጭን ጫፉ አልፏል።

ሦስተኛው የአያቴ ፓርከር 51 ነው። ይህ ብዕር ኩባንያው በተመሠረተ በ51ኛው ዓመት የተነደፈ በመሆኑ ይህን ስም አገኘ፤ በ1941 በገበያ ላይ ዋለ። ጫፉ በመሸፈኛ ውስጥ ስለ ተደበቀ ቶሎ አይደርቅም። ከ1948 ወዲህ የተሠሩት ከረጢታቸው ከጎማ ሳይሆን ከፕላስቲክ ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ አልተሰባበረም። አያቴ በ1960 ዓ.ም. ግድም ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን ይህን ብዕር በለብታ ውሃ አጥቤ ብሞላው ያለ ምንም ጥገና ጻፈ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። የቀሩትን ስድስቱን የአያቴን ብዕሮች ከእጄ ማውጣት ይገባል? አጎቴ «የሟች ዕቃ አይበተንም፤ በሣጥን ይቀመጥ» አለኝ። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። መታሰቢያ የሌለው ቤተ ሰብ ታሪክ የለውም። እናቴ ግን ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ «ልጄ፤ አባቴ ብዕሩን አስቀምጦት አያውቅም፤ ይጽፍበት ነበር። ማስቀመጥ ከፈለግሽ ጽሕፈቱን አስቀምጪ» አለችኝ። እኔም ሁለቱን ሐሳብ ለማስታረቅ ሞከርሁ። የማይጽፉትን ሦስቱን ለአጎቴ ሰጠሁት፤ በአያቴ ፎቶግራፍ አጠገብ በመስታወት ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚጽፉት ግን ለሚጽፍ ሰው ተሰጡ። የአያቴን የትምህርት ማስታወሻ ደብተሮችም ሰብስቤ በአንድ ላይ አስጠረዝኋቸው። አሁን ከብዕሮቹ ይልቅ እርሱን የሚያሳዩኝ እነዚያ ደብተሮች ናቸው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «እስክሪብቶ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ነው። እስክሪብቶን አልነቅፍም። ላዝሎ ቢሮ የተባለው የሃንጋሪ ሰው በ1938 የፈጠራ መብት ያገኘበት፤ ከ1950 ወዲህም ማርሴል ቢክ በርካሽ ያሠራጨው ይህ መሣሪያ ለብዙ ድኃ ተማሪ ጽሕፈትን አቅልሎለታል። ነገር ግን እስክሪብቶ ተጭነው የሚጽፉበት ነው፤ ባለ ቀለሙ ብዕር በራሱ ክብደት ይጽፋል። ብዙ ገጽ ለሚጽፍ እጅ ልዩነቱ ይታወቃል። እስክሪብቶው ሲያልቅ ይጣላል፤ ብዕሩ ይሞላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሁሉ ነገር በኮምፒዩተርና በስልክ በሚጻፍበት ዘመን» የሚለው ነው። እኔም በስልኬ እጽፋለሁ። ይሁን እንጂ መምህሩ የሚናገረውን ቃል በቃል መገልበጥ በእጅ ስለማይቻል፤ በእጁ የሚጽፍ ተማሪ ዋናውን ሐሳብ መርጦ ማሳጠር ግድ ይሆንበታል። መምረጡ ራሱ መማር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የብራና ቀለም ዘላቂ ነው ብላችሁ በእንዲህ ያለ ብዕር እንዳትሞሉት። ጥላሸቱና ሙጫው ቦዩን ይዘጋዋል። የመደብሩ ተራ ቀለም ደግሞ በውሃ ይለቃልና፤ ዘመን እንዲሻገር የምትፈልጉትን ጽሑፍ ብረትነት ባለው ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ጻፉት፤ ብዕሩንም በየጊዜው እጠቡት።

በመጨረሻ ሒሳቤን ላስረክብ። ከአሥራ ዘጠኙ ሦስቱ እኔ ዘንድ ናቸው። ሦስቱ አጎቴ ዘንድ ናቸው። ሦስቱ የርካሽ ብዕሮች ለመለዋወጫ ተፈቱ። ከቀሩት አሥሩ አንዱን ለእናቴ፤ አንዱን 12ኛ ክፍል ለምትማረው እህቴ፤ አንዱን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሰጠሁ። ሰባቱን ከአንድ ጠርሙስ ቀለም ጋር ዛሬ ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አስረክቤአለሁ። ክዳን የሚሞሉት በጠረጴዛ ላይ ይጽፋሉ፤ ቀለበት የሚደፍኑት በወፍራም ወረቀት ላይ ያምራሉ፤ እያንዳንዱም ጠባዩ በወረቀት ተጽፎ ታስሮበታል። ለዚህ ጋዜጣ ጽሑፍ ለማቅረብ የሚፈልግ ማንኛውም ተማሪ አንዱን መርጦ መውሰድ ይችላል። ኪራዩ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉን ይዞ መመለስ ነው። ጽሑፉን ያመጣ ብዕሩን ያስቀረዋል፤ ያላመጣ ለሚቀጥለው ሰው ይመልሰዋል።