እሺ ካልን በኋላ
(በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ በአንዲት የማኅበራችን አባል የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ መንፈሳዊ ጥሪና ስለ ፈተናው ንገሪን» ስትለኝ «እኔ ሰባኪ አይደለሁም» ብዬ ልሸሽ ነበር። ኋላ ግን ስለ ወይዘሮ አበበች ጎበና ልናገር ብዬ ተስማማሁ። ከዚያ የራሴን ጉድ እነግራችኋለሁ።

ወይዘሮ አበበች እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። ዘመኑ የረሃብ ነበር። በዚያ ጉዞ መንገድ ላይ የሞተች እናት አገኙ፤ ሕፃን ልጇ ግን በሕይወት ነበረች። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነው። ያቺን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ።

ይህን ታሪክ ስናወራ እዚህ ላይ አቁመን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ለእኔ ግን ፈተናው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከንግሥ ስንመለስ ልባችን ለስልሶ ስለሚቆይ እሺ ማለት ብዙም አይከብደንም። የሚከብደው በሁለተኛው ወር ጤፉ ሲያልቅ ነው። ባለቤታቸው መጀመሪያ ደግፈዋቸው ነበር፤ በኋላ «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ» የሚል ነገር መጣ።

ባልየውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። 21 ልጅ በአንድ ቤት! በአገልግሎት ስም ቤታችንን ረስተን፣ ባል ሲጠይቀን «ሰይጣን አድሮበት ነው» የምንል አለን። የተቃወመን ሁሉ ፈታኝ አይደለም።

እሳቸው ልጆቹን መረጡ። ጌጣቸውን ሸጠው፣ ጫካ ውስጥ በነበረች ጎጆ ከልጆቹ ጋር ገቡ፤ እንጀራና ጠጅ እየሸጡ አሳደጓቸው። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያቅታቸው አስተማሪ ወደ ጎጆዋ አስመጡ። ድርጅታቸው በሕግ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እኔን የሚገርመኝ መካከል ላይ ያለው ስድስት ዓመት ነው። ሊጥ ማቡካት፣ ምጣድ ማሰስ፣ በማግስቱም ያንኑ።

ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታ በምሳሌ አስተምሯል። በየሳምንቱ ቁጠባ የምንቆጥር ሴቶች ይህ አይጠፋንም። የምትሞት ሕፃን ግን ሒሳብ እስኪሠራ አትጠብቅም። እዚያ ላይ መጀመሪያ እሺ ይባላል፤ ሒሳቡ በማግስቱ ይሠራል። መሠራቱ ግን አይቀርም። እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ፍልሰታ ሱባዔ ይዤ ሳለሁ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ጎረቤቴ በልቤ መጡ። ጧሪ የላቸውም። «እኔ እጦራቸዋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ለእናንተም አልነገርኩም። እውነቱን ልናገር፤ በረከቱ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ጠዋት አጥቤ፣ ቁርስ አብልቼ ወደ ጉልቴ እሄዳለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። እስከ ጥቅምት በደስታ ሠራሁት። ኅዳር ላይ ወገቤ አልነሣ አለ። ልጄ «እማዬ፣ እኛስ?» ብትለኝ «አንቺ ደግሞ ፈተና ሆንሽብኝ» ብዬ ተቆጣኋት። እሳቸውን ሳገላብጥም ማጉረምረም ጀመርኩ። እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልሄድ ቀረሁ። ታምሜ አይደለም፣ ሰልችቶኝ ነው። በሦስተኛው ቀን ስገባ ከራስጌያቸው ያለው ኩባያ ባዶ ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። «ልጄ፣ አሞሽ ነው ብዬ ስጸልይልሽ ነበር» አሉኝ።

ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ «ማኅበር የለሽም ወይ?» አሉኝ። ከስግደት የባሰ ቅጣት ነበር፤ ለእናንተ መናገር አለብኛ!

በሳምንቱ እያለቀስኩ ነገርኳችሁ። አራት ሴቶች እጃቸውን አወጡ። ደጋፊዎቻችን ከላካችሁት ገንዘብም ፍራሽና የአዋቂ ዳይፐር ተገዛ። እኔ አሁን ማክሰኞና ዓርብ ነኝ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና እሑድ ሰው አላቸው። ሐሙስን የያዘችው እህታችን ሙስሊም ናት፤ ከሁላችንም ቀድማ በሰዓቷ የምትደርስ እሷ ናት። ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። ወዲያው እሺ አላለችኝም፤ አልፈርድባትም።

የቀረው ቅዳሜ ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ የሚይዘው ጠፍቶ እስካሁን እንደምንም እያብቃቃን ነው። የሚመቻት ካለች በሻይ ሰዓት በሩ አጠገብ ታገኘኛለች። ሴትዮዋ ቀላል ናቸው፤ እንዴት እንደሚገላበጡ አሳያለሁ። ከመሄዷ በፊት ግን ቤቷን ጠይቃ ትምጣ።